ለምጽም ሥጋ ደዌም ስላልሆነ አንድ የቆዳ በሽታ



በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ብዙዎቻችሁ ስለ ታሪክ፥ ስለ እርሻና ስለ ስፖርት ትጽፋላችሁ። እኔ ግን ዘንድሮ ስለ አንድ በሽታ ልጽፍ ተነሣሁ። በሽታው ስሙ በከተማችን በጥሊሊ የማይታወቅ፥ በዓለምም ቢሆን ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዝ ነው። «ታዲያ ጥቂቶችን ብቻ የሚይዝ ከሆነ እኛን ምን ያስጨንቀናል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱን አስቀድሜ ልናገር። በሽታው በዘመዶቼ ቤት ገብቷል፤ ባለማወቃችንም የተነሣ ከበሽታው ይልቅ እኛ ዘመዶቿ ታማሚዋን ጎዳናት።

ታማሚዋ አክስቴ ናት። ከጥሊሊ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ድንችና ገብስ እያመረተች የምትኖር፥ ሥራ ወዳድ ሴት ናት። የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ በወገቧና በጭኗ ላይ ከቀረው ቆዳዋ ነጣ ያሉ ጠፍጣፋ ምልክቶች ወጡባት። አልፎ አልፎ ያሳክኳታል እንጂ አያሟትም ነበር። ቦታው በቀሚስ የሚሸፈን ስለ ሆነ ማንም አላየውም። እርሷም «ቋቁቻ ነው» ብላ ቅባት ገዝታ ተቀባች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የጭርት መድኃኒት ነው የተባለ ተሰጣት። ቅባቱን ስትቀባ ምልክቱ ደብዘዝ ይላል፤ ስትተወው ይመለሳል። እንዲህ እያለ አራት ዓመት አለፈ።

በአምስተኛው ዓመት ግን ምልክቱ ወደ ክንዷ ወጣና ጎረቤት አየው። ከዚያ በኋላ «ሥጋ ደዌ ነው» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። ቡና ሲጠራሩ እርሷን መጥራት ተዉ። በእኛም ቤት ለእርሷ ብቻ አፉ የተሸረፈ አንድ ፍንጃል ተለየላት። ያንን ፍንጃል ከሌሎቹ ለይቶ የሚያጥበው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ተሳስቼ በሌላ ፍንጃል ቡና ባቀርብላት፥ ፈገግ ብላ «ልጄ፥ የእኔ ይህ አይደለም፤ ያ የተሸረፈው ነው» አለችኝ። ለካ ሁሉን ታውቅ ኖሯል።

በመጨረሻ ከሐኪም ወደ ሐኪም ተላልፋ አዲስ አበባ ወደሚገኘው አለርት ሆስፒታል ተላከች። ማንበብና መጻፍ ስለምችል አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ምልክቶቹን በጥጥና በመርፌ ጫፍ እየነካካ «እናቴ፥ ይሰማዎታል?» እያለ ጠየቃት፤ ሁሉም ተሰማት። በክርኗና በጉልበቷ ያሉትን ነርቮችም ዳሰሰ፤ አልወፈሩም። ከዚያም «እናቴ፥ ይህ ሥጋ ደዌ አይደለም» አላት። እርሷም በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና ዝም አለች። የበሽታው እውነተኛ ስም ግን የታወቀው ከብዙ ሳምንታት ምርመራ በኋላ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ ሐኪሙ ያስረዳንን፥ በኋላም አንብቤ የተረዳሁትን በሚቻለኝ መጠን ልግለጽላችሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ስለ ሰውነታችን ጠባቂዎች

እሾህ እግራችንን ወግቶን ሲያመረቅዝ በብሽሽታችን ንፍፊት እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ቁስሉ በእግር፥ እብጠቱ በብሽሽት የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥሮች ሌላ ሊምፍ የተባለ ውሃ መሰል ፈሳሽ የሚሄድባቸው ቀጫጭን ሥሮች አሉ። በነዚህ ሥሮች መንገድ ላይ፥ በተለይም በብሽሽት፥ በብብትና በአንገት፥ እንደ ኬላ የሚያገለግሉ ትናንሽ ዕጢዎች ተቀምጠዋል። በነዚህም ውስጥ ሊምፎሳይት የሚባሉት የነጭ ደም ሕዋሳት ይኖራሉ። በቁስሉ የገባው ተሕዋስ እዚያ ሲደርስ ሊምፎሳይቶቹ ተባዝተው ይዋጉታል፤ ያን ጊዜ ዕጢው ያብጣል። ንፍፊት ማለት ይኸው ነው።

ከሊምፎሳይቶች ወገን አንደኞቹ «ቲ» ይባላሉ። ይህን ስም ያገኙት ከደረት አጥንት በስተኋላ ባለው ቲመስ በተባለው ዕጢ ውስጥ ስለሚያድጉ ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ ሥራቸው ቆዳን መጠበቅ ነው። የአንድ ዐዋቂ ሰው ቆዳ ቢዘረጋ ሁለት ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በዚህ ሁሉ ቦታ ላይ ይመላለሳሉ፤ የተለየ ነገር ሲያገኙ ይዋጋሉ፤ ሥራቸውን ሲፈጽሙም ይበተናሉ ወይም ይሞታሉ።

አንዳንድ ጊዜ ግን ከነዚህ ሕዋሳት አንዱ በውስጡ ያለው የአሠራር ሥርዓት ይበላሽና ያለ ልክ መባዛት ይጀምራል። መሞት ባለበት ጊዜ አይሞትም፤ መበተን ባለበት ጊዜ አይበተንም። ይህ ነገር እህል ጠብቅ ተብሎ በማማ ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱ እህሉን ሲበላ እንደ መገኘት ነው። ከሊምፎሳይት የሚነሣ ነቀርሳ ወይም ካንሰር ሊምፎማ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በዕጢዎቹ ውስጥ ነው። በቆዳ ውስጥ ሲነሣ ግን የቆዳ ሊምፎማ ይባላል። ከቆዳ ሊምፎማዎች ሁሉ ግማሽ ያህሉን የሚይዘውና አክስቴን ያገኛት ማይኮሲስ ፈንጎይደስ የተባለው ነው።

ስሙ አንባቢን እንዳያሳስት

ማይኮሲስ ፈንጎይደስ የሚለው ስም ትርጉሙ እንጉዳይ የመሰለ በሽታ እንደ ማለት ነው። በሽታውን በ1806 መጀመሪያ የገለጸው አሊቤር የተባለ ፈረንሳዊ የቆዳ ሐኪም ነበር። ይህ ሐኪም በአንድ ሕመምተኛ ቆዳ ላይ ዝናብ ካባራ በኋላ በመስክ የሚበቅል እንጉዳይ የሚመስሉ እባጮችን አየ፤ ኋላም ይህን ስም አወጣለት። ዛሬ በሽታው ከፈንገስ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ይታወቃል። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ቀርቷል። ስለዚህ የፈንገስ መድኃኒት አያድነውም፤ አክስቴ የተቀባችው የጭርት ቅባት ያልረዳትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1870 ደግሞ ባዜን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ሐኪም በሽታው በሦስት ደረጃ እንደሚሄድ አስረዳ። መጀመሪያ ጠፍጣፋ ምልክት ይወጣል፤ ቀጥሎ ምልክቱ ወፈር ብሎ ከቆዳው ከፍ ይላል፤ በመጨረሻም እባጭ ይሆናል። አንባቢ እዚህ ላይ እንዳይደነግጥ እለምናለሁ። ሁሉም ሕመምተኛ ሦስቱን ደረጃዎች አያልፍም። እንዲያውም በመጀመሪያው ደረጃ ከተገኙት ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ከዚያ ሳያልፉ ይኖራሉ። በሽታው እጅግ ዝግተኛ ነው፤ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ ዓመታት ሊወስድበት ይችላል።

ሐኪሞች በሽታው ምን ያህል ቆዳ እንደ ያዘ የሚለኩበት ዘዴ ቀላል ነው። የሕመምተኛው መዳፍ ከነጣቶቹ ከጠቅላላው ቆዳው አንድ መቶኛ ያህል ነው። ጠፍጣፋዎቹ ምልክቶች ተደምረው ከአሥር መዳፍ የሚያንሱ ከሆነና ወደ ዕጢዎቹ፥ ወደ ደሙም ሆነ ወደ ሆድ ዕቃው ያልደረሰ ከሆነ፥ በሽታው ገና በመጀመሪያው እርከን ላይ ነው ይባላል። በዚህ እርከን ላይ ተገኝቶ የሚታከም ሰው ዕድሜው ከጤነኛ ሰው ዕድሜ እምብዛም የማይለይ መሆኑ ተረጋግጧል።

በእኛ ቆዳ ላይ ሲታይ

በአውሮፓ መጻሕፍት ላይ በሽታው ቀይ ምልክት ሆኖ ይሣላል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ነጣ ያለ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱም ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ሥራ ስለሚታወክ ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈውን ሰዎች ሲሆን፥ ይህ ነጣ ብሎ የሚወጣው ዓይነት ግን በወጣቶችና በልጆችም ላይ ይታያል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ነጣ ያለ ምልክት የሚያወጡ በሽታዎች ብዙ ናቸው፤ ሕዝቡም ለሁሉም በየስማቸው ይጠራቸዋል። እነሆ ልዩነታቸውን በአጭሩ ላስረዳ።

ለምጽ ጨርሶ ነጭ ነው፤ እንደ ወተት ይነጣል፤ ቆዳውም ልስልስ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ቅርፊት የለውም። ቋቁቻ አብዛኛውን ጊዜ በደረት፥ በጀርባና በአንገት ላይ በትናንሹ ይወጣል፤ ሲፍቁት ደቃቅ ቅርፊት አለው፤ በትክክለኛ መድኃኒት በጥቂት ሳምንታት ይድናል። ሥጋ ደዌ በነጣው ቦታ ላይ ስሜትን ያጠፋል፤ ጥጥ ሲነካው ሰውየው አይሰማውም፤ ነርቮችም ይወፍራሉ። የቆዳ ሊምፎማ ግን ስሜትን አያጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ያሳክካል፤ ይልቁንም ፀሐይ የማያገኘውን ቦታ፥ ማለት ወገብን፥ መቀመጫን፥ ጭንንና ጡትን ይመርጣል፤ ለዓመታትም ቢታከም እየተመለሰ ይመጣል።

ይሁን እንጂ ይህን አንብቦ ማንም ራሱን ሐኪም እንዳያደርግ። ልዩነቱን በዐይን ብቻ መለየት ለሠለጠነ ሐኪም እንኳ ያስቸግራል። ስለዚህ ከቆዳው ላይ ምስር የምታህል ቁራጭ ተወስዳ በማይክሮስኮፕ ትመረመራለች። ቦታው በመርፌ ስለሚደነዝዝ ሕመሙ ጥቂት ነው። የአክስቴ የመጀመሪያ ምርመራ ግን ግልጽ ውጤት አልሰጠም። ሐኪሙ እንዳስረዳን፥ ስትቀባው የቆየችው ቅባት ሕዋሳቱን ለጊዜው አባሯቸው ነበር። ስለዚህ ቅባቱን ለጥቂት ሳምንታት እንድታቆም ታዘዘችና ከሁለት ቦታ እንደገና ተወሰደ፤ ያን ጊዜ በሽታው ታወቀ። በሠለጠኑት አገሮችም ቢሆን ከመጀመሪያው ምልክት እስከ በሽታው መታወቅ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ዓመት በላይ ያልፋል። በሽታው የሰውን ትዕግሥት የሚፈትን ነው።

ስለ አለርት ሆስፒታል ጥቂት ቃል

ይህ ሆስፒታል ያለበት ቦታ በ1930ዎቹ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች መታከሚያ ሆኖ የተጀመረ ነው። በ1965 ለአፍሪካ ሁሉ የሥጋ ደዌ ሐኪሞች ማሠልጠኛ ሆኖ አለርት ተባለ። በአጠገቡም የሥጋ ደዌን ባክቴርያ በ1873 ባገኘው በኖርዌጂያዊው ሐኪም በአርማወር ሐንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም ተመሠረተ። ዛሬ በዚያ ሆስፒታል ልዩ ልዩ የቆዳ በሽታዎች ይታከማሉ፤ የቆዳ ሐኪሞችም ይሠለጥናሉ። ከዚያው ጋር የሠሩት ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በጎጃምም ብዙ ሰው የሚያሠቃየው የእግር እብጠት በባዶ እግር ከሚረገጥ ቀይ አፈር እንደሚመጣ መርምረዋል፤ እኛ ግን እርግማን ነው ስንል ኖረናል።

ስለ ሥጋ ደዌም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አክስቴ ሥጋ ደዌ ቢይዛት ኖሮም እንኳ ፍንጃሏን መለየት ተገቢ አልነበረም። የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 ከመከረው ጊዜ ወዲህ ሥጋ ደዌ በተጣመሩ መድኃኒቶች በስድስት ወይም በአሥራ ሁለት ወር ሕክምና ይድናል። ሕክምናውን የጀመረ ሰው ወዲያውኑ ማስተላለፉን ያቆማል። የቆዳ ሊምፎማ ደግሞ ከቶውንም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በፍንጃልም፥ በመኝታም፥ በመጨባበጥም፥ በምንም።

መርዝ መድኃኒት የሆነበት ታሪክ

የሕክምናውን ነገር ሳነብ አንድ የሚያስደንቅ ታሪክ አገኘሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በአባቶቻችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ የተባለውን መርዝ እንዳዘነቡ በታሪክ ትምህርታችን ተምረናል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ ግፍ ለዓለም አሰምተዋል። ይህ መርዝ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዐይንንና ሳንባን ያበላሻል።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚህ ጋዝ የተጎዱትን ሰዎች የመረመሩ ሐኪሞች ግን ሌላም ነገር አስተዋሉ። የነጭ ደም ሕዋሳት በብዛት አልቀው ነበር። እንግዲህ ሊምፎማ የነጭ ደም ሕዋሳት ያለ ልክ መብዛት ከሆነ፥ እነርሱን የሚያሳንስ ነገር በልክ ቢሰጥ አይጠቅምምን? በ1942 ጉድማንና ጊልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት በዬል ዩኒቨርሲቲ የጋዙ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ናይትሮጅን ሙስታርድ ለአንድ የሊምፎማ ሕመምተኛ እንዲሰጥ አደረጉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ እባጮቹ ሟሙ። በኋላ በሽታው ተመልሶ ሕመምተኛው ቢሞትም፥ ካንሰርን በመድኃኒት የማከም መንገድ ከዚያ ተከፈተ። ሥራው በጦርነቱ ምክንያት ምስጢር ሆኖ ቆይቶ በ1946 ለዓለም ታወቀ። ይኸው ናይትሮጅን ሙስታርድ በጣም ተበርዞ በቆዳ ሊምፎማ ላይ እንዲቀባ ሆነ፤ ዛሬም ባደጉት አገሮች ይሠራበታል። አባቶቻችንን ያቃጠለው መርዝ ዘመዱ የሰውን ቆዳ ሲፈውስ ማየት ዕውቀት በማን እጅና ለምን ዓላማ እንደሚውል ያስተምረናል።

ከዚህ ሌላ ብዙ ሕክምና አለ። ለመጀመሪያው እርከን ብርቱ የስቴሮይድ ቅባት ይሰጣል፤ አልትራቫዮሌት የተባለውም ብርሃን በልዩ መብራት ተመጥኖ ለቆዳ ይሰጣል። ብርሃኑ ወደ ጥልቅ ስለማይገባ ለጠፍጣፋው ምልክት ይስማማዋል። ለወፈረውና ላበጠው ደግሞ የጨረር ሕክምና፥ እንዲሁም ሜቶትሬክሴት የመሰሉ የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ። ሕክምናው በሽታውን ብዙ ጊዜ ያስታግሣል እንጂ ፈጽሞ ስለማይነቅለው ክትትሉ የረጅም ጊዜ ነው። የበሽታው መነሻ ምክንያት እስከ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ አልተገኘም፤ ስለዚህ ታማሚው «ምን በድዬ ነው?» ብሎ ራሱን ሊወቅስ አይገባውም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ጓደኞቼ ሆይ፥ እንግዲህ የምመክራችሁ ጥቂት ነገር ነው። በሰውነቱ ላይ የነጣ፥ የቀላ ወይም የጠቆረ ምልክት ወጥቶበት በሁለትና በሦስት ወር ሕክምና ያልዳነለት ሰው ሁሉ ቅባት ከመለዋወጥ ይልቅ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ። በልብስ የተሸፈነውን ቦታ ለሐኪም ማሳየት ነውር አይደለም። በምልክቱ ላይ የሚያቃጥል ቅጠል አይደረግበት። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ነገር ግን ሐኪሙን አይተው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለምን? እኔ ግን በዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ። አክስቴ በሽታዋን የደበቀችው እኛ እንዳንሸሻት ፈርታ ነበር። እንግዲህ የመደበቁ ጥፋት የታማሚዋ ብቻ አልነበረም።

ዛሬ አክስቴ የታዘዘላትን ቅባት እየተቀባች በየጊዜው ወደ ሆስፒታሉ ትመላለሳለች። በክንዷ ላይ የነጣው ቦታ ቀለሙ እየተመለሰ ነው፤ በወገቧ ላይ ያለው ግን ገና አልለቀቀም። ድንቿን ትኮተኩታለች፤ ገበያም ትወጣለች። ጎረቤቶቿ አንዳንዶቹ ተመልሰዋል፤ አንዳንዶቹ ገና ናቸው።

ከአዲስ አበባ በተመለስን ሳምንት እናቴ ቡና አፈላች። ያን አፉ የተሸረፈውን ፍንጃል ከመደርደሪያው አንሥቼ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ረከቦት ላይ ደረደርኩት። ቡናው ሲቀዳ እርሱን ለራሴ ወሰድኩት፤ ለአክስቴም ከደህናዎቹ አንዱን ሰጠኋት። አየችኝና «ዛሬ ደግሞ ተሳሳትህ፥ ልጄ» አለችኝ። እኔም «አይ፥ አክስቴ፤ የተሳሳትኩት ያን ጊዜ ነበር» አልኳት።